በሕሙሙ ራስጌ የሚጠየቅ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር፣ በታይላንድ አገር ካምፔንግ ፔት በምትባል አውራጃ፣ ከአክስቷ ዘንድ ታድግ የነበረች አንዲት የ11 ዓመት ልጅ፣ ከቤቱ ዶሮዎች መካከል እየታመሙ ይሞቱ ከነበሩት ጋር ከተነካካች ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ታመመች። ሕመሙ በረታባትም ጊዜ ሆስፒታል አስገቧት፤ እናቲቱም ትኖርበት ከነበረው ሩቅ ከተማ ሰምታ ገሥግሣ መጣችና፣ ከልጅዋ ራስጌ ተቀምጣ፣ አፍዋንና አፍንጫዋን ሳትሸፍን፣ እጅዋን በምንም ሳትጋርድ፣ እናት ለታመመች ልጅዋ የምታደርገውን ሁሉ እያደረገች ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያህል አስታመመቻት። ልጂቱ ሞተች። ጥቂት ቀናት አለፉና፣ ዶሮ ነክታለች የሚላት ማንም ያልነበረ እናት በሳንባ ምች ታማ ሞተች፤ ልጂቱን አብራ ያስታመመችው አክስትም በተራዋ ትኩሳት ያዛት፣ ቀጥሎም ሳንባዋ ተጠቃ፣ እርስዋ ግን ተርፋ ከአልጋዋ ተነሣች።

ይህን ነገር ተከታትለው የመረመሩት ሊቃውንት፣ ከእናቲቱ አስከሬን የተወሰደውን የሥጋ ናሙናና ከአክስቲቱ ጉሮሮና አፍንጫ የተጠረገውን ፈሳሽ ፈትነው፣ ሁለቱን ያጠቃቸው ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ መሆኑን አረጋገጡ። የሁሉ መነሻ የነበረችው ልጅ ግን፣ ለማረጋገጫ የሚበቃ ናሙና ስላልተገኘላት፣ በመዝገብ የሰፈረችው «የተረጋገጠ» በሚለው ረድፍ ሳይሆን «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ረድፍ ነው። እናት በርግጥ፣ ልጅ በግምት ተጻፉ። ይህ ልዩነት ላዩን ለሚያየው የጸሐፊዎች ልማድ ይመስላል፤ እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር፣ ያች ልጅ ሆስፒታል በገባችበት ዕለት ስለ ዶሮዎቹ የጠየቀ ሰው ነበረ ወይ የሚለው አሳብ ስለማይለየኝ፣ የወፍ ጉንፋን ይዞታል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው እንዴት እንደሚለይና በየትኛው መደብ እንደሚመደብ፣ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ዶሮ ለሚያረባውና ዶሮ ለሚያርደው ሁሉ ሊገለጥ የሚገባው ነገር ሆኖ ስለ ታየኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ኢንፍሉዌንዛ የምንለው ብርቱ ጉንፋን፣ ዋናው ወገኑ፣ ከጥንቱ የአዕዋፍ ደዌ ነው። የዱር ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ አዕዋፍ ቫይረሱን በአንጀታቸው ተሸክመው፣ አብዛኛውን ጊዜም ራሳቸው ሳይታመሙ፣ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ያዞሩታል። ሊቃውንቱ የቫይረሱን ነገዶች የሚለዩት በላዩ ላይ ባሉት ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ሲሆን፣ አንደኛው ከሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት፣ ሁለተኛው ከተባዛ በኋላ ከሕዋሱ የሚላቀቅበት ነውና፣ የሁለቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይዘው ኤች ይህን ያህል፣ ኤን ይህን ያህል እያሉ በቍጥር ይጠሯቸዋል። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የፈጀውና አባቶቻችን የኅዳር በሽታ ብለው የሰየሙት መቅሠፍት፣ ያን ጊዜ ዓለምን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ፤ የዚያም ቫይረስ ዘር ከአዕዋፍ ወገን እንደ ሆነ በኋላ ዘመን የተደረገው ምርምር ያመለክታል። ስለዚህ ከወፍ የመጣ ቫይረስ አንድ ሰው ያዘ ሲባል የዓለም ሐኪሞች የሚደነግጡት፣ ስለዚያ ሕሙም ከማዘናቸው ሌላ፣ ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍን የተማረ እንደ ሆነ የሚከተለውን በማሰብ ነው።

ስም የሌለውን ደዌ መጠርጠር እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ሆንግ ኮንግ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 አንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ታሞ ሞተ፤ ከእርሱ የተገኘውንም ቫይረስ የከተማዪቱ ላቦራቶሪ የኢንፍሉዌንዛ ወገን መሆኑን ቢያውቅም፣ በእጁ ከነበሩት መለያዎች አንዱም ስላልገጠመለት ወደ ውጭ አገር ላከው፣ ኤች 5 ኤን 1 መሆኑም የታወቀው ከሦስት ወር ያህል በኋላ በኦገስት ነበረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ የአዕዋፍ ቫይረስ ሰውን ይዞ ይገድላል ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ስላልነበረ፣ ሐኪሞቹን ለምን አልጠረጠራችሁም ብሎ የሚወቅስ ሰው ቢኖር ፍርዱ የተጣመመ ይሆናል። ዓመቱ ሳያልቅ ሕሙማኑ 18 ደረሱ፣ ከእነርሱም 6ቱ ሞቱ፤ በዲሴምበር መጨረሻም የከተማዪቱ መንግሥት በግዛቱ ያሉትን ዶሮዎች ሁሉ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑትን፣ እንዲገደሉ አዘዘ። ደዌው ከዚያ ጥቂት ዓመታት አድፍጦ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እንደ ገና ተነሣና፣ እስከ ዛሬ ከ20 በሚበልጡ አገሮች ከ900 በላይ ሰዎች መያዛቸው ተረጋግጧል፤ ከእነዚህም ግማሽ የሚያህሉት አልተረፉም።

እንግዲህ ቫይረሱ ስም ካገኘ በኋላ ሌላ ችግር መጣ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመምና የሰውነት መሰባበር የብዙ ደዌያት የጋራ ምልክት በመሆናቸው፣ የሳለውን ሁሉ እንጠርጥር ያልን እንደ ሆነ ሆስፒታሉ ሞልቶ ላቦራቶሪው በናሙና ይሰጥማል፤ ካልተረጋገጠ በቀር አንቈጥርም ያልን እንደ ሆነ ደግሞ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣ ድረስ ሕሙሙ ሞቶ አስታማሚው ተይዞ ይገኛል። ጤፍ የምታስፈጭ እመቤት እብቁንና ጠጠሩን በሰፌድ ለይታ፣ ዱቄቱን ደግሞ በወንፊት እንደምታጠራው፣ ሐኪሞችም አስቀድሞ ሰፊውን፣ ቀጥሎ ጠበብ ያለውን፣ በመጨረሻ ደቃቁን ወንፊት ያኖሩ ዘንድ ግድ ሆነባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ያወጣው ትርጓሜ ሕሙማንን የተጠረጠረ፣ ሳይሆን አይቀርም የተባለና የተረጋገጠ ብሎ በሦስት መደብ የከፈላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ትርጓሜ የተጠረጠረ ለመባል ሁለት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ አንደኛው በሕሙሙ ሥጋ ላይ የሚታይ፣ ሁለተኛው ከሕሙሙ አፍ የሚሰማ ነው። በሥጋው ላይ የሚታየው፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ድንገተኛ የሳንባ ሕመም ሆኖ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩሳትና ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ነው። ከአፉ የሚሰማው ደግሞ ምልክቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሰባት ቀናት የት እንደ ዋለና ምን እንደ ነካ ነው። ከሌላ የተጠረጠረ ወይም የተያዘ ሕሙም በአንድ ሜትር ርቀት ቀርቦ እንደ ሆነ፣ ቫይረሱ በታየበት ወይም በተጠረጠረበት አገር ዶሮና የዱር ወፍ ይዞ፣ አርዶ፣ ላባ ነጭቶ፣ ብልት አውጥቶ ወይም ለመብል አዘጋጅቶ እንደ ሆነ፣ ኵሳቸው ባረከሰው ስፍራ ውሎ እንደ ሆነ፣ ጥሬ ወይም በቅጡ ያልበሰለ የዶሮ ሥጋና ዕንቍላል በልቶ እንደ ሆነ፣ መያዛቸው የተረጋገጠ እንደ ድመትና ዐሣማ ያሉ እንስሳትን ነክቶ እንደ ሆነ፣ ወይም በላቦራቶሪ ናሙናውን ይዞ ሠርቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል።

ይህን ዝርዝር ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ የፋሲካና የገና ዋዜማ በዓይነ ሕሊናው ሳይመጣበት አይቀርም፤ ዶሮ በፈላ ውኃ የሚነጭ፣ ዐሥራ ሁለቱን ብልት የሚያወጣ፣ አንጀቱን የሚጥል እጅ ምን ያህል እንደሚነካ ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቅ የለምና። በገጠራችንም ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ሲረግፉ «ፈንግል ገባ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል፤ ፈንግል በርግጥ የታወቀ የዶሮ በሽታ ቢሆንም፣ ፈንግልንና ብርቱውን የወፍ ጉንፋን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፣ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የታመመችውንም ዶሮ ከንቱ ከምትቀር ብሎ ሳትሞት ማረድ በብዙ አገር የድኻ ልማድ ነው። በግብፅ አገር፣ በዚህ ቫይረስ ብዙ ሰው በተያዘበት፣ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በግቢያቸው ዶሮና ዳክዬ የሚያረቡ ሴቶችና ከእነርሱ ሥር የማይጠፉ ሕፃናት ነበሩ።

ከሦስቱ መደቦች ሁሉ እኔ የምመካው በዚህ በመጀመሪያው ነው። በአማርኛችን መጠርጠር የሚለው ቃል የክስ ጠረን አለበት፤ የተጠረጠረ ሰው የሚባለው ለፍርድ ሸንጎ የሚቀርብ ነውና። በሐኪም ዘንድ ግን ጥርጣሬ የምሕረት በር ነው። ሐኪሙ የጠረጠረ ዕለት ሕሙሙ ለብቻው ወደ ሆነ ክፍል ይገባል፣ የሚያስታምሙት አፍና አፍንጫቸውን፣ ዓይናቸውንና እጃቸውን ይጋርዳሉ፣ ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት የላቦራቶሪውን ቃል ሳይጠብቅ ይሰጠዋል፣ ይህም በመጀመሪያው 48 ሰዓት ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ የበለጠ ይረዳዋል፤ አብረውት የዋሉትና ያደሩትም ተፈልገው፣ ትኩሳታቸው እየተለካ በየቀኑ ይጠበቃሉ። ሐኪሙ ያልጠረጠረ እንደ ሆነ ከእነዚህ አንዱም አይደረግም።

ስለዚህ የጥያቄው አጠያየቅ ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ዶሮዎቼ ተሰብስበው ይገደሉብኛል፣ ጎረቤት ይሸሸኛል፣ ልጆቼም ከትምህርት ቤት ይባረራሉ ብሎ የሚፈራ ሰው፣ ዶሮ ሞቶብሃል ወይ ተብሎ በቍጣ ቢጠየቅ የለም ብሎ ይክዳል። «እማማ፣ በቤትዎ ዶሮ አለ? ሰሞኑን የሞተ ነበረ? ማን አረደው፣ ማንስ ነጨው? ላባውን የት ጣሉት? ከቤተ ሰብዎ መካከል ሌላ የሳለ አለ?» እየተባለ ረጋ ብሎ፣ ከአልጋው አጠገብ ዝቅ ብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን፣ እውነቱ ቀስ በቀስ ይወጣል። የቀኑም አቈጣጠር እንዲሁ ነው፤ «ባለፈው ሳምንት» ከማለት ይልቅ «ከገበያው ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ በሚያውቁት ነገር መጠየቅ፣ ሰባቱን ቀን በትክክል ለመቍጠር ይረዳል።

ወደ ሁለተኛው መደብ ስንሻገር፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚባለው ሕሙም ከጥርጣሬው በላይ ማስረጃ ያለው፣ ግን መደምደሚያው የጐደለው ነው። የተጠረጠረው ሰው በራጅ ሳንባው ተመትቶ ታይቶ እስትንፋሱም ማነስ የጀመረ እንደ ሆነ፣ ወይም ላቦራቶሪው ኢንፍሉዌንዛ ኤ መሆኑን አግኝቶ ኤች 5 መሆኑን ግን ለመወሰን ያልበቃ እንደ ሆነ፣ በዚህ ረድፍ ይገባል። ሌላም መግቢያ በር አለው፤ ምክንያቱ ባልታወቀ የመተንፈሻ ሕመም የሞተ ሰው፣ በጊዜ፣ በስፍራና በንክኪ ከሌላ የተረጋገጠ ወይም ሳይሆን አይቀርም ከተባለ ሕሙም ጋር የተሳሰረ እንደ ሆነ፣ አስከሬኑ ባይመረመርም እንኳ ከዚሁ ይቈጠራል። የዚህ በር ጥቅም በኢንዶኔዥያ፣ በሰሜን ሱማትራ ካሮ በምትባል ወረዳ እ.ኤ.አ. በሜይ 2006 ታየ። አንዲት የ37 ዓመት ሴት ታማ ሞተች፤ ናሙና ሳይወሰድላትም ተቀበረች። ቀጥሎ ከዘመዶችዋ ሰባቱ ተከታትለው ታመሙ፣ ሁሉም ኤች 5 ኤን 1 እንደ ያዛቸው ተረጋገጠ፣ ከእነርሱም የዳነው አንድ ብቻ ነው። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት የሆነችው ሴት እንደ ታይላንዷ ልጅ «ሳይሆን አይቀርም» ተብላ ተጻፈች፤ ይህ መደብ ባይኖር ኖሮ እርስዋ ከታሪኩ ትወጣና፣ በሽታው በዘመድ መካከል እንዴት እንደ ተላለፈ የሚያስረዳው ክር ከራሱ ይበጠስ ነበር።

የመጨረሻው ወንፊት የላቦራቶሪው ነው። ቫይረሱን አብቅሎ ማግኘት፣ ወይም ፒሲአር በሚባለው ምርመራ በሁለት ልዩ ልዩ ምልክቶቹ ማወቅ፣ ወይም በሕመሙ መጀመሪያና በማገገሚያው ጊዜ የተወሰደውን ደም አነጻጽሮ ቫይረሱን የሚቋቋመው የደም ኀይል አራት እጥፍ መጨመሩን ማሳየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ተራው ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአዕዋፉ ቫይረስ በሰው ዘንድ ይበልጥ የሚጣበቀው በሳንባው ጥልቅ ክፍል በመሆኑ፣ ከአፍንጫ የተወሰደ አንድ ናሙና «የለበትም» ብሎ ቢመለስ ብርቱ ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ነጻ አያወጣውም፤ ከጉሮሮም፣ ከአክታም፣ በሌላ ቀንም ተወስዶ መደገም አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረጋገጠ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በጸናው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት፣ አገሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ከእኛም ደጃፍ፣ በጅቡቲ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2006 የአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን መያዝ በላቦራቶሪ ተረጋግጦ ለዓለም ተነግሯል።

ይህ ሁሉ ሥርዐት የተደላደለ ቢመስልም ከእርሱ ውጭ የወደቁ ሕሙማን አሉ። በደቡብ ቬትናም እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የአራት ዓመት ልጅ በብርቱ ተቅማጥ ታሞ ሆስፒታል ገባ፣ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ስቶም ሞተ፤ የ9 ዓመት እኅቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ተመሳሳይ በሆነ ሕመም ሞታ ነበር። ሁለቱንም ያከሙ ሐኪሞች የአንጎል ብግነት ነው አሉ፤ ሲገቡ ሳልም የትንፋሽ ማጠርም ስላልነበረባቸው ስለ ወፍ ጉንፋን የሚያስብ አልነበረም። የወንድ ልጁ ናሙና በኋላ ሲመረመር ግን ቫይረሱ ከአንጎልና ከአከርካሪ ዙሪያ ካለው ፈሳሽ ሳይቀር ተገኘ። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤች 7 ኤን 7 የተባለው ሌላ ነገድ በዶሮ እርባታዎች በተነሣ ጊዜ፣ መያዛቸው ከተረጋገጠው 89 ሰዎች የሚበዙት ዓይናቸው ከመቅላትና ከማዠት በቀር ሌላ ሕመም አልነበረባቸውም፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ግን ሳንባው ተጠቅቶ ሞተ። በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 መጨረሻ የተገለጠው ኤች 7 ኤን 9 በኋላ ከ1500 በላይ ሰዎች ሲይዝ፣ ዶሮዎቹ ደኅና ሆነው በገበያ ይሸጡ ነበርና፣ የሞተ ዶሮ አይተሃል ወይ የሚለው የቀድሞው ጥያቄ ከንቱ ሆነ።

በጉባኤ ቤት መምህሩ አንዱን ንባብ ሲተረጕም «አንድም» እያለ ሌላ ምሥጢር እንደሚያክልበት፣ የሐኪሞችም ትርጓሜ በእነዚህ ሕሙማን ምክንያት «አንድም ዓይኑ የቀላ፣ አንድም ሕያው ወፍ ከሚሸጥበት ገበያ የዋለ» እያለ ሊሰፋ ግድ ሆነበት። የተጻፈውን ትርጓሜ የማይለወጥ ሕግ አድርጎ የሚይዝ ሰው፣ ደዌው መልኩን በለወጠ ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳት እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በወተት ላሞች እርባታ የሚሠራ አንድ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ቈርቍሮት ወደ ሕክምና ሄደ። ትኩሳት አልነበረውም፣ ሳንባው ጥሩ ነበር፣ ሞተው ያያቸው ወፎችም አልነበሩም፤ በ2006ቱ ትርጓሜ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ከሰፊው ወንፊት እንኳ ተርፎ ይወድቅ ነበር። ነገር ግን ላሞች በኤች 5 ኤን 1 መያዛቸው በዚያው ሰሞን ታውቆ ነበርና፣ ከታመሙ ላሞች ጋር እንደሚውል በታወቀ ጊዜ ናሙናው ከአፍንጫው ብቻ ሳይሆን ከዓይኑም ተወሰደ። ኤች 5 ኤን 1 ተገኘበት፤ ይበልጥ በዝቶ የተገኘውም ከዓይኑ ነው። ከሰው ተለይቶ እንዲቀመጥ ተነገረው፣ መድኃኒቱ ለእርሱም አብረውት ለሚኖሩትም ተሰጠ። እርሱ ዳነ፤ ከቤተ ሰቡም የታመመ አልነበረም።